ከድንጋዩ ሁለት ክንድ

በሕይወቴ አንድ ጊዜ የሰው መቃብር አጽድቻለሁ። ውስጡ ሰው አልነበረም። ይህን የነገሩኝ ግን ካጸዳሁት በኋላ ነው።

ጊዜው ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ማለቂያ፤ ቦታው ኮምቦልቻ፤ ዕድሜዬ አሥራ ሦስት። አምስተኛ ክፍል ነኝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ። መምህሩ የሚጠይቀኝን ትቼ የማውቀውን ስለምመልስለት አልተግባባንም። የማውቀው ደግሞ ሣር ነው። እናቴ መዲና ስፌት ሰፍታ ነው ያሳደገችኝ፤ ሌማት በሉ ሙዳይ በሉ ከእጇ የማይወጣ የለም። ስፌት ሁለት ዓይነት ሣር ይፈልጋል፤ ለውስጡ አክርማ፣ ለመጠቅለያው ሰንደዶ። የሚለቅመው ልጅ ነው፤ ቤቱ ውስጥ የቀረሁት ልጅ ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ ሀሁ ሳልለይ ሰንደዶን ከሙጃ እለያለሁ።

እትዬ አትጠገብ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን አንዷን ክፍል ከተከራየች ሁለት ዓመቷ ነበር። የኩታበር ቄስ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ተምራ መምጣቷ ሲሰማ ሰፈሩ ዶክተር አደረጋት። አጥር የምንጋራት እትዬ አባይነሽ በሳምንቱ ጉልበቷን እያሻሸች መጣች።

«እኔ እኮ የተማርኩት የዱር እንስሳት ነው» አለቻት እትዬ አትጠገብ።

እትዬ አባይነሽ ትንሽ አሰበች፤ ተመልሳ ሄደችና ፍየሏን እየጎተተች መጣች።

«ይቺስ?»

«ይቺ የቤት ናት።»

«ታዲያ ምን ላርግ፣ መጀመሪያ ዱር ልልቀቃት?»

ሥራዋ ለእኔ ለልጅቷ እንዲህ ነበር የሚታየኝ። ጠዋት ሩቅ የሚያሳይ መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትወጣለች፤ ከቦርከና ወንዝ ወዲህ ያለው ሜዳ ላይ ትቀመጣለች፤ ትጽፋለች፤ ትመለሳለች። አንዳንዴ የሚዳቋ በጠጥ በወረቀት ጠቅልላ ታመጣና ላዩ ላይ ቀን ትጽፍበታለች። ቀን የተጻፈበት በጠጥ ያየሁት እሷ ዘንድ ብቻ ነው። እናቴ አንድ ቀን ጠረጴዛዋን ልትወለውልላት ገብታ በጠጡን መልሳ ጠቅልላው ወጣችና፣ «መንግሥት ደመወዝ የሚከፍለው ለዚህ ከሆነ ፍየል አርቢው ሁሉ ባለሥልጣን ነው» አለች።

መቃብሩን ያገኘሁት በክረምቱ መግቢያ ነው። ሜዳው ከብት ግጦት ግጦት ራሱን የተላጨ ሰው ይመስላል፤ መሐሉ ላይ ግን አንድ በእሾህ የታጠረ ቦታ አለ። እሾህ መቃብር ላይ የሚደረገው ጅብ እንዳይቆፍረው ነው፤ ይህን በእኛ አገር የማያውቅ የለም። እትዬ አትጠገብ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ አንገቷን ደፍታለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ በእኛ ዘንድ መቃብር የሚጎበኝበት ቀን፤ በሚቀጥለው ሐሙስም ተመልሼ ሄድኩ፤ እንደዚያው ሆና አገኘኋት። ሐሙስ፣ እሾህ፣ ከንፈር። ሌላ ምን ቀረ?

ከንፈሯ ይንቀሳቀስ የነበረው ስትቆጥር ነው። ሐሙስ የቆጠራ ቀን ነው። የታጠረው ቦታ ደግሞ አምስት እርምጃ በአምስት እርምጃ ነበር። ይሄ ያን ጊዜም ገርሞኝ ነበር፤ ሟቹ ረጅምና ወፍራም ነው ብዬ አለፍኩት።

ጥርጣሬዬ የጸናው አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ደጃፉ ላይ ሰንደዶ ትሰነጥቃለች፤ እትዬ አትጠገብ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ከግድግዳው ጀርባ ድስት እፈገፍጋለሁ፤ የሚያወሩት ሲጣፍጥ ድስቱን አቆማለሁ።

«አራት ነበሩ፣ እትዬ መዲና» አለች እትዬ አትጠገብ። «ሦስቱ ተበሉብኝ። የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።»

«አብሽሪ፣ ልጄ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ እሾህ እየደረብኩ ጠበቅኩት። ሰኞ ከደሴ ኮሚቴ ይመጣል፤ ሜዳውን በትራክተር ሊያርሱት አስበዋል። እሱን ካዩ ይተዉት ይሆናል። ነገ ደሴ ወጥቼ እኔው ነኝ ይዣቸው የምመጣ።»

«አይተው ካላመኑሽስ?»

«ያርሱታል። እሱንም አብረው።»

እናቴ ሰንደዶውን በጥርሷ ይዛ መሰንጠቋን ቀጠለች።

አራቱ እነማን እንደነበሩ አሁን አውቃለሁ። ከብት እንዳይገባ የታጠሩ አራት ቁራሽ ሜዳዎች ናቸው፤ ሣሩ ፋታ ቢያገኝ ምን እንደሚያበቅል፣ ምን ዓይነት አውሬና ወፍ እንደሚመለስበት ማሳያ። ሦስቱን በሬ ጥሶ ገብቶ በላቸው። አንደኛው በሬ የቀበሌያችን ሊቀመንበር የጓድ ሞላ ነው፤ በሬው ግን አልተከሰሰም። እኔ ያን ዕለት ከግድግዳው ጀርባ የተረዳሁት ሌላ ነው። አራት ሰው ሞቶባታል፤ ሦስቱን ጅብ አውጥቶ በልቷቸዋል፤ የቀረውን መንግሥት ሊያርሰው ነው።

አራት ሰው ሞቶባታል ስላችሁ ያዘንኩላት እንዳይመስላችሁ። ቀናሁባት።

ወንድሜን ጀላልን የወሰዱት በሰባ ነው። ጠዋት ነበር፤ ፀጉሩን እያበጠረ ነበር፤ ማበጠሪያውን ኪሱ ከትቶ ተከተላቸው፣ ቶሎ እንደሚመለስ ሰው። እናቴ ሦስት ወር ሙሉ በሐረጎ ዳገት ደሴ እየወጣች ጠየቀች። መጀመሪያ ላይ በር ላይ የሚቆመው ወታደር «አንቺ ሴትዮ፣ ሂጂ» ነበር የሚላት። በሦስተኛው ወር አንድ ቀን፣ «እናቴ፣ ከእንግዲህ አይመላለሱ» አላት። የገባት በትሕትናው ነው። የት እንዳስገቡት የነገራት የለም፤ ለቅሶ መቀመጥም ክልክል ነበር። ስለዚህ እኛ ቤት ሐሙስ ሐሙስ መቃብር የሚሄድ ሰው አልነበረም፤ የሚሄድበት ስለሌለ። እትዬ አትጠገብ ግን የራሷን ታውቀዋለች። አጠገቡ ተቀምጣ ትጽፍለታለች። እንዲህ ያለ ሀብት በትራክተር ሲሄድ ዝም ብዬ ላይ?

ያሰብኩት እንዲህ ነው፤ ዛሬም ቢሆን አስተሳሰቡ ላይ ስህተት አላገኘሁበትም። ሣር የዋጠው መቃብር መቃብር አይመስልም፤ ባለ ትራክተሩ ሳያይ ያልፍበታል። የተጠረገ፣ ድንጋይ የቆመለት መቃብር ግን ካኪ የለበሰም ቢሆን አያርሰውም። እሷ ደሴ ነች፤ ለማጽዳት ጊዜ የላትም። እኔ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የእናቴን ማጭድ ይዤ ሄድኩ። እሾሁን በአንድ ጥግ ከፍቼ ገባሁ። ውስጡ ሌላ አገር ነው። ሣሩ ወገቤ ድረስ ይደርሳል፤ ይሸታል፤ ይንጫጫል። ውጭው ላይ ስሙን እንኳ የረሳነው ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል። ሁለት እርምጃ ሳልራመድ ከእግሬ ሥር የሆነ ነገር ቱር ብሎ ተነሳና ጮኾ በረረ። ቆቅ ናት። እኔ ግን የሟቹ ነፍስ መሰለችኝ። ቢስሚላህ ብዬ፣ «ላጸዳልህ ነው የመጣሁ» ብዬ ነገርኩትና ማጨድ ጀመርኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰንደዶ በማጭድ አይነካም፤ አንድ በአንድ ይመዘዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰንደዶውን መዘዝኩ፤ ቀጥሎ አክርማውን ለብቻ፣ ሰምበሌጡን ለብቻ፣ ሙጃውን፣ ማገጡን፣ ስም የሌላቸውን ሳይቀር እየለየሁ በየነዶው አሰርኩ። ማንም ያዘዘኝ የለም። የስፌት ቤት ልጅ ሣር ቀላቅላ አትሸከምም፤ እጇ እምቢ ይላል። ፀሐይ አናት ላይ ሲደርስ መሬቱ እንደ መዳፍ ተራቁቶ ነበር። ከወንዙ አንድ ጥቁር ድንጋይ እያንከባለልኩ አምጥቼ መሐሉ ላይ፣ ወደ መካ፣ ቂብላን ለይቼ አቆምኩት። ሟቹ ክርስቲያን መሆኑን አላጣሁትም። እጄ የሚያውቀው በቂብላ ነው።

ነዶዎቹን ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ቤት አስገባሁ። እናቴ አንዱን ሰንደዶ መዘዘችና ክንዷ ላይ ለካችው። ከክርኗ ተነስቶ ጣቷን አልፎ ሄደ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከሜዳ።»

«ከየትኛው ሜዳ? ጀላልን ካረገዝኩበት ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ አላየሁም» አለችና ደነገጠች። ስሙን ከጠራችው አምስት ዓመት ሆኗት ነበር። ነዶዎቹን ወስዳ አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ ሰቀለቻቸው።

ሰኞ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ምስጋናዬን መቀበል ነበረብኝ። ሜዳው ላይ ቀድሜ ደርሼ ስጠብቅ ላንድሮቨሩ መጣ፤ ሦስት ካኪ የለበሱ ሰዎች፣ ጓድ ሞላና እትዬ አትጠገብ ወረዱ። እትዬ አትጠገብ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳለች፤ እያወራች ነው። «ይሄ አንዱ ቁራሽ የሜዳው ማስታወሻ ነው ማለት ይቻላል፣ ጓዶች» ትላለች። «ውጭውን አይታችኋል። አሁን ደግሞ ውስጡን...»

ውስጡን አዩት።

መሬት፤ መሐሉ ላይ ድንጋይ።

ጓድ ሞላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓዲት አትጠገብ፣ ሁለት ዓመት በእሾህ ያጠርሽው ይሄንን መላጣ ነው?»

የእትዬ አትጠገብን ፊት አየሁት። ጀላል የሄደ ጠዋት እናቴ ላይ ያየሁት ፊት ነው። ምስጋናው እንደማይመጣ ያኔ ገባኝ።

ሰብሳቢው፣ ፀጉሩ የሸበተ ዝምተኛ ሰውዬ፣ ደብተሩን ማጠፍ ጀመረ። «እንግዲህ የሚታይ ነገር ከሌለ...»

«ሣሩ ቤት ነው» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ።

«ይቺ ደሞ ማናት?» አለ ጓድ ሞላ፣ አሳምሮ እያወቀኝ።

«የመዲና ልጅ ሳፊያ ነኝ። ሣሩን ያጨድኩት እኔ ነኝ። ግን አልጣልኩትም። ለይቼዋለሁ፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።»

«ለይተሽ?» አለ ሰብሳቢው።

«አስራ አንድ ዓይነት ነው። ውጭ ሦስት ብቻ ነው ያለው፤ ከፈለጋችሁ ቁጠሩት።»

እንዲህ ሆኖ ነው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና የተሳፈርኩት። ያየኝ ሰፈርተኛ ሁሉ እንደታሰርኩ አወራ፤ እኔ ደግሞ በመስኮት እጄን አውለበለብኩላቸው። አጠገቤ የተቀመጠችው እትዬ አትጠገብ አንዴም አላየችኝም።

እናቴ ካኪዎቹ በራችን ላይ ሲቆሙ መስፊያ ወስፌዋ እጇ ላይ ነበር። ከሰባ ወዲህ ለመንግሥት ሰው ከ«አዎ» እና «የለም» ሌላ ቃል አልሰጠችም። ወደ እኔ አየች፤ ወደ መኪናው አየች፤ ወስፌውን ቁጭ አደረገችው። ፊቷ ላይ ያለው «ይቺንም?» የሚል ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያን ዕለት ካደረግኩት ሁሉ የሚቆጨኝ ያ ነው፤ ያጨድኩት ሣር አይደለም።

«እናቴ፣ አይደንግጡ። ሣር ልናይ ነው» አላት ሰብሳቢው።

በትሕትና መናገሩ የባሰ አስደነገጣት። ቢሆንም በሩን ለቀቀችለት።

ግድግዳው ላይ አስራ አንድ ነዶ ተሰልፏል። ሰውዬው ሰንደዶው ጋ ቆመና አንዱን መዘዘ፤ በአውራ ጣቱ ጥፍር ሰነጠቀው፤ እኩል ለሁለት ተከፈለ። እንዲህ መሰንጠቅ የሚችለው ስፌት ቤት ያደገ ብቻ ነው። እናቴም ይህን አየች። በድንገት መናገር ጀመረች።

«ሜዳው ሁሉ እንዲህ ነበር» አለች። «በእኔ ልጅነት ከበራችን ወጥተን ነው የምንለቅመው። ሚዳቋዋ ከእኛ እኩል ትውላለች፤ ቆቁ ሌማታችን ውስጥ ሊገባ ምንም አይቀረው። አሁን ለአንድ ሙዳይ የሚሆን ሰንደዶ ፍለጋ ደጋን ከተማ ድረስ ነው የምሄድ። እናንተ ደግሞ የቀረውን ልታርሱት ነው አሉ። ረግረግ ነው፤ ጤፍም አይሰጣችሁም፣ ሣሩንም አታገኙት። ሄዶ የማይመለስ ነገር እኔ አውቃለሁ።»

የመጨረሻዋን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም። ጓድ ሞላ የጫማውን ጫፍ ሲመለከት ቆየ።

ሰብሳቢው ደብተሩን እንደገና ገለጠ። «የእያንዳንዱን ስም ይንገሩኝ» አላት። እናቴ ነገረችው፤ ስም የሌላቸውን እትዬ አትጠገብ በላቲን ሞላችለት። ሁለቱ አንዴም አልተጋጩም። ሰውዬው ሲወጣ የሰነጠቀውን ሰንደዶ ደብተሩ ውስጥ አስገባው።

ኮሚቴው «ለተጨማሪ ጥናት ይቆይ» ብሎ ፈረመ። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ጥናቱ አልተጠናቀቀም።

በማግስቱ እትዬ አትጠገብ ወደ ሜዳው ይዛኝ ሄደች። እሾሁ አጠገብ ቆምን።

«ለምን?» አለች፤ ያን ብቻ።

«መቃብሩን ላሳምርልሽ ብዬ ነው። እንዳያርሱት።»

«የማን መቃብር?»

«የሰውዬሽ።»

ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም። ተቀመጠች፤ እኔም ተቀመጥኩ። ሣር እንዳጠረች እንጂ ሰው እንዳልቀበረች፣ ሰውዬ የሚባልም እንደሌላት ነገረችኝ። ኩታበር ቆቅ ስታባርር እንዳደገች፤ አባቷ ቄስ ወልደ ሚካኤል ሐኪም ትሁንልኝ ብለው እንደተሳሉ፤ እሷ ግን አዋሽ ወርዳ ሦስት ዓመት ሳላ የሚባለውን ባለ ረጅም ቀንድ አውሬ ስትቆጥር እንደከረመች። «በየዓመቱ ቁጥሩ ይቀንስብኛል» አለች። «ጥይት ነው ስል ነበር። ኋላ ጎንበስ ብዬ ሳይ ሣሩ ነው ቀድሞ የሄደው። እንስሳው ተከትሎት ነው የሚሄድ። ከዚያ ወዲህ ወደ ታች ነው የማየው።» ወደ ኮምቦልቻ ልቀየር ብላ ስታመለክት መሥሪያ ቤቷ ምን አጥፍታ ነው ብሎ ተጠራጠረ አሉ።

«ድንጋዩስ?» አለች።

«ቂብላን ለይቼ ነው ያቆምኩት።»

ድንጋዩን ብዙ አየችው። ሁለት ዓመት ግቢያችን ውስጥ ኖራለች፤ ያልተነገራት አልነበረም።

«ጀላል ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አስራ ዘጠኝ።»

ደብተሯን አወጣች። አዲስ ገጽ ገለጠች። ሣሩ ከሥሩ ስላለ ይመለሳል፣ ቆጠራው ግን ከዜሮ ይጀመራል አለችኝ። ከላይ ቀኑን ጻፈች፤ ከሥሩ «የልኬት መነሻ፦ ድንጋዩ» ብላ ጻፈች። «ከዛሬ ጀምሮ ማንም አያነሳውም» አለች። የሜትሩን ጫፍ ለእኔ ሰጠችኝ። ሥራ የጀመርኩት ያን ዕለት ነው።

አምስተኛን በሦስተኛው አለፍኩ፤ ስድስተኛ ላይ እኔና ትምህርት በሰላም ተለያየን። የሥራ ደብዳቤዬ የመስክ ረዳት ይለኛል። እትዬ አትጠገብ ደግሞ በመጨረሻ የምር ዶክተር ሆነች፤ ለእትዬ አባይነሽ ሲነገራት «እኔ ድሮውንም ብያለሁ» አለች። ጉልበቷ ግን እንደታመመ ቀረ። ሜዳው ግማሹ ሌላ ሌላ ሆኗል፤ ግማሹ አለ። ሚዳቋ አለ። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይመጣሉ፤ ሁሉንም ነገር ከድንጋዩ ተነስተው ይለካሉ። አምና አንዱ ድንጋዩ መሐል ላይ እንዳልሆነ ደረሰበትና ሁለት ክንድ ገፋ እናድርገው አለኝ።

«አይነካም» አልኩት።

«ሳይንሳዊ ምክንያት አለው?»

«አለው።»

ጻፈው።

እናቴ ያን ድንጋይ እኔ ማቆሜን ነግሬያት አላውቅም። ሣሩ በተመለሰ በሁለተኛው መስከረም፣ ቆጠራው ሲያበቃ ሰንደዶ እንድትመዝ ተፈቅዶላት ገባች። ድንጋዩን አየችው፤ ወዴት እንደዞረ አየችው፤ ወደ እኔ አየች። ነጠላዋን አስተካክላ አጠገቡ ተቀመጠችና ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች። እሷ እየቆጠረች አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ እስክታልፍ ድረስ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሜዳ ስመለስ፣ ደብተሩን አንብቢልኝ ትለኝ ነበር። ማንበብ አታውቅም። ሌላውን ታሳልፈኛለች፤ የምትፈልገው አንዱን መስመር ነው።

«ድንጋዩ ጋ ዛሬ ምን አለ?»

ገጹን ገልጬ አነብላታለሁ። «ከድንጋዩ ሁለት ክንድ፤ ቆቅ፤ ስድስት እንቁላል ታቅፋለች።»

«አልሐምዱሊላህ» ትላለች፣ ስፌቷን ሳታቆም።